«ቤቱን ካልተውሽልኝ አልፈርምም» ለተባለችው እህት

ደብዳቤው፣ ጥቂት አሳጥረነው፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር ነው፤ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ከባለቤቴ ጋር በሰማንያ ከተጋባን 11 ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቁ 9፣ ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመተማ መንገድ ላይ ነው። አዘዞ ቤት ሠርተናል፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። በትዳር ሳለን የገዛነው ባጃጅም አለ። ፍቅራችን ከተበላሸ ቆየ፤ ሲቆጣ እጁንም ይሰነዝራል። ከዓመት በፊት ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። እንፋታ ስለው ‹እኔ ካልፈረምሁ ማንም አያፋታሽም፤ ቤቱን ከተውሽልኝ ግን እፈርማለሁ› ይለኛል። ሽማግሌዎቹም ‹ቤቱን ትተሽለት ሰላምሽን ግዢ፤ ደግሞም ትዳሩን ጥለሽ የወጣሽ አንቺ ነሽና ድርሻ የለሽም› አሉኝ። የነፍስ አባቴ ታገሺ ይሉኛል። የፊታችን እሑድ ሽማግሌዎቹ መልሴን ይጠብቃሉ። እውነት ያለ እሱ ፈቃድ መፋታት አልችልም? ፍርድ ቤት ብሄድና አልቀርብም ቢልስ?»

ጨነቀኝ፣ ከጎንደር

እህቴ፣ እሑድ ቀርቧልና ጥያቄሽን በቀጥታ ልመልስልሽ። ያለ ባልሽ ፈቃድ መፋታት ትችያለሽ። ጋብቻው ሲታሰር የሁለታችሁም ፈቃድ የግድ ነበር፤ እንዲፈታ ግን የአንዳችሁ ጥያቄ ይበቃል። የሚያፋታውም ፍርድ ቤት እንጂ ባልም ሽማግሌም አይደለም። ስለዚህ ባልሽ «ቤቱን ተይልኝና ልፈርምልሽ» ሲልሽ፣ በእጁ የሌለውን ነገር በቤትሽ ዋጋ ሊሸጥልሽ ነው። እሑድ ምንም ዓይነት ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።

ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። አንቺን የሚመለከተው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀድሞት ወጣ፤ የክልላችንም በዋና ዋናው ነገር ያንኑ መንገድ ተከተለ። ባልና ሚስት ተስማምተው ፍቺ ሊጠይቁ ይችላሉ። ካልተስማሙ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ሄዶ ይጠይቃል። ብቻውን የሚጠይቀው ሰው የሌላውን ጥፋት ካላስረዳ አይፋታም የሚባል ነገር የለም። «አልፈልገውም፣ አብሬው መኖር አልችልም» ብላ የጸናችን ሴት ዳኛ በግድ ሚስት አያደርግም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም መብታቸው እኩል ነው ይላል።

ሽማግሌዎቹ ሆን ብለው ዋሹሽ አልልም። እነሱ የሚያውቁት ያደጉበትን ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ለፍቺ የሚቀርበው ምክንያትም ከባድና ከባድ ያልሆነ ተብሎ ይለያል፤ ዝሙት ከከባዶቹ አንዱ ነበር፤ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ትዳርን ጥሎ ሁለት ዓመት መጥፋትም እንዲሁ። ያለ ከባድ ምክንያት ልፈታ ያለ ሰው ደግሞ በንብረት ክፍፍሉ ላይ ሊጎዳ ይችል ነበር። «ጥላ የወጣች ድርሻ የላትም» የሚለው ነገር ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ዛሬ አይሠራም። ሰው የሚመታበትን ቤት ለቆ እናቱ ቤት ስለገባ 11 ዓመት የለፋበት ንብረት አይወረስበትም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። እሑድ ቤቱን ለቅቄያለሁ ብለሽ ብትፈርሚ፣ ያ ወረቀት በስምምነት ለመፋታት ከሚቀርብ ማመልከቻ ጋር ተያይዞ ፍርድ ቤት ሊገባ ይችላል። ዳኛው ስምምነቱ በነፃ ፈቃድ የተደረገና ሕግን የማይጻረር መሆኑን አይቶ ካጸደቀው በኋላ፣ «ተገድጄ ነው፣ ሳላውቅ ነው» ብሎ ማስፈረስ እጅግ ከባድ ነው። በሌላ በኩል ሽማግሌዎቹ ጽፈው የሚሰጡሽ የፍቺ ወረቀት ብቻውን ፍቺ አይሆንም። ሰማንያው ተቀደደ ማለትም ጋብቻው ፈረሰ ማለት አይደለም። ቤትሽን ሰጥተሽ፣ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ደግሞ ያው የእሱ ሚስት እንደሆንሽ ልትቀሪ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ እንሂድ። ማመልከቻው የሚገባው ለወረዳ ፍርድ ቤት ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ወረቀታቸውን ይዘው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች ታውቂያቸዋለሽ። ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ሰው ግን ሲቸኩል የሚጻፍለት ያው የተለመደው አንድ ገጽ ነው፦ በዚህ ቀን ተጋባን፣ አልተስማማንም፣ ፍቺ ይወሰንልኝ። የልጆቹ ጉዳይ፣ ቀለቡ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ የሚከለክለው እግድ ሳይጠየቅ ይቀርና በኋላ እንደገና ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ወጪ ይመጣል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የምትጠይቂውን ሁሉ በደብተር ጽፈሽ ያዢ፤ የተጻፈልሽንም ሬጅስትራር ዘንድ ሳታስገቢ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የሰማንያ ወረቀቱ በእሱ እጅ ከሆነ አትደንግጪ። ጋብቻው ቀበሌ ተመዝግቦ ከሆነ ከመዝገቡ ማስረጃ ይወጣል። ካልተመዘገበም ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን የሚያውቁ ሰዎች ይመሰክራሉ፤ ሠርጉን የበሉ ጎረቤቶች፣ የዕድር ሰዎች፣ ሚዜዎች። የልጆቹን የልደት ካርድና የክርስትና ወረቀትም ያዢ።

አልቀርብም ቢልስ ላልሽው፦ መዝገቡ ሲከፈት መጥሪያ ይወጣለታል። ሹፌር ነውና ዛሬ መተማ፣ ነገ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻውን በደንብ አስመዝግቢ፤ ቤቱን፣ የሚሠራለትን ሰው፣ መኪናው የሚያድርበትን ቦታ። እምቢ ብሎ ቢሸሽ ወይም ጭራሽ ቢጠፋ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በሌላ መንገድ እንዲደርሰው ሊያዝዝ ይችላል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ወይም በጋዜጣ ይወጣል። መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ሆኖም ያልቀረበበት እውነተኛና በቂ ምክንያት ካለው፣ ለምሳሌ መንገድ ተዘግቶበት ከሆነ፣ በሌለሁበት የተሰጠው ይነሣልኝ ብሎ የማመልከት ዕድል አለው፤ ጊዜው ግን ውሱን ነው። ስለዚህ መጥሪያው በእርግጥ እንዲደርሰው ማድረጉ ለአንቺ ይጠቅማል። ያላወቀው ሰው ላይ የተገኘ ፍርድ ሲነሣ ድካሙ ያንቺ ነው።

ከቀረበ ደግሞ ዳኛው በአንድ ጀምበር አያፋታችሁም። መጀመሪያ ሁለታችሁንም፣ አንዳንዴም ለየብቻ አድርጎ፣ ታረቁ ብሎ ይመክራል። እናንተው በምትመርጧቸው ሽማግሌዎች በኩል ሞክሩት ብሎ ሊልካችሁም ይችላል። ይህም ካልሆነ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ በፌዴራሉ ሕግ ይህ ጊዜ ከ3 ወር አይበልጥም፤ ካበቃ በኋላም በአንድ ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰናል ይላል። በተግባር ቀጠሮ ሲገፋ ሊረዝም ስለሚችል ልብሽን አዘጋጂው። በዚህ መሃል ሰዎች «ዳኛው እንኳ ታረቁ አለ» እያሉ ያስጨንቁሽ ይሆናል። ዳኛው ያን የሚለው ሕጉ ስለሚያዝዘው ነው፤ ጥያቄሽን ውድቅ አደረገው ማለት አይደለም።

ስለ ንብረቱ ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ ትግሉ ያለው እዚያ ነውና። በትዳር ዘመን በሁለታችሁ ድካም የተገኘ ሁሉ የጋራ ነው። ካርታው በእሱ ስም መሆኑ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። ንብረቱ የግሌ ነው የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት፤ ከጋብቻ በፊት የነበረው መሆኑን፣ ወይም በውርስ ወይም በስጦታ ለእሱ ለብቻው የመጣ መሆኑን። ያለዚያ እኩል ትካፈላላችሁ። ቤቱ ለሁለት የማይከፈል ከሆነ አንዳችሁ የሌላውን ድርሻ በገንዘብ ታስቀሩታላችሁ፤ ይህም ካልሆነ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ባጃጁም እንዲሁ ነው፤ ሊብሬው በማንም ስም ይሁን። የስፌት መኪናሽን ከጋብቻ በፊት ይዘሽው የመጣሽ ከሆነ ወይም እናትሽ ሰጥታሽ ከሆነ ግን እሱ የግልሽ ነው፤ የሚያውቅ ምስክር አስቢ።

እኔን የሚያሰጋኝ ክፍፍሉ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ ቤቱ በቦታው መኖሩ ነው። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም ይላል ሕጉ። ካርታው በአንድ ሰው ስም ሲሆን ግን ሰው ይደፍራል፤ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥቶ የሚሸጥም አለ። ስለዚህ የፍቺውን ማመልከቻ ስታስገቢ በዚያው ቀን ቤቱና ባጃጁ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በመያዣ እንዳይሰጥ የእግድ ትእዛዝ ጠይቂ። እግዱ ሲሰጥሽ ትእዛዙን ይዘሽ ለከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤትና ባጃጁ ለተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ራስሽ አድርሺ፤ በፋይሉ መያያዙንም አይተሽ ተመለሺ። ትእዛዙ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ቤቱ ሲሸጥ ማየት ያቃጥላል። የካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ ከተቻለሽ ከአሁኑ አግኚ፤ ባይኖርሽ እንኳ የቦታውን ትክክለኛ አድራሻና የጎረቤቶቹን ስም ጻፊ።

ዕዳም ይነሣ ይሆናል። ፍቺ ሲመጣ «ከወንድሜ ተበድሬያለሁ» የሚል ወረቀት ድንገት ብቅ ይላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የዋለ ዕዳ የጋራ ነው፤ ያልዋለ የራሱ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢመጣ መቼ፣ ለምን፣ በምን ላይ እንደዋለ ይቅረብ በይ።

ነገሩን እንዲሁ በመለያየት አትተዪው የምልሽም ለዚህ ነው። እስካልተፋታችሁ ድረስ እናትሽ ቤት ሆነሽ በስፌት የምታጠራቅሚው ገንዘብ የጋራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ነገ ሌላ ልታገቢ ብትፈልጊም አትችዪም፤ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ወንጀል ነው። እሱም አይችልም።

ልጆቹን በሚመለከት፣ በድሮው ሕግ እስከ 5 ዓመታቸው ከእናት ጋር ይሁኑ ይባል ነበር። አሁን በዕድሜ ብቻ አይወሰንም፤ ዳኛው የሁለታችሁን ገቢ፣ ጤና፣ አኗኗርና ከሁሉ በላይ የልጆቹን ጥቅም ያያል። ላለፈው አንድ ዓመት ያሳደግሻቸው አንቺ ነሽ፤ ት/ቤታቸው፣ ጓደኞቻቸው፣ አያታቸው ያሉት ካንቺ ጋር ነው። ይህን በማስረጃ አሳዪ፤ የት/ቤት ክፍያ ደረሰኝና የክትባት ካርድ ሳይቀር ይጠቅማል። ቀለብ ጠይቂ፤ የልጆች መብት ነውና አትፈሪበት። ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜያዊ ቀለብም ሊታዘዝ ይችላል። ሹፌር ገቢው ስለማይጨበጥ ለማን እንደሚሠራና በወር ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያውቅ ምስክር ፈልጊ። አባታቸውን እንዲያዩ ግን አትከልክያቸው፤ ልጆቹን ማንም መደራደሪያ እንዳያደርጋቸው።

አሁን በደብዳቤሽ መሃል በአንዲት መስመር ወዳለፍሻት ነገር ልምጣ። «ሲቆጣ እጁንም ይሰነዝራል» ብለሽ፣ ወዲያው ስለ ባጃጁ ጻፍሽ። እህቴ፣ ይህ በቅንፍ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሚስትን መምታት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ የቤት ገመና አይደለም። ፍቺ ስትጠይቂ ደግሞ ንዴቱ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ተሰበሰበ ብለሽ ብቻሽን አዘዞ ቤቱ እንዳትሄጂ። ልብስሽንና ዕቃሽን ለማውጣት ወንድም ወይም የቀበሌ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ በፊት ሐኪም ቤት የሄድሽበት ቀን ካለ ካርድሽ ይውጣ። ከእንግዲህ እጁን ቢያነሣብሽ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሂጂና የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ጠይቂ፤ የሐኪም ማስረጃም አሠሪ። ፍቺውን ለማግኘት ይህን ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ለደኅንነትሽ፣ ለልጆቹ ውሳኔና ለደረሰብሽ ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ ግን ይጠቅምሻል። የፈሩትን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ቤት መደራደር ፈቃድ አይባልም፤ ይህን ለሽማግሌዎቹም ንገሪያቸው።

የነፍስ አባትሽን አክብሪያቸው፤ ግን ሙሉውን ነግረሻቸዋል? መመታትሽን ካላወቁ ታገሺ ያሉሽ ለተራ ኩርፊያ መስሏቸው ይሆናል። የእናንተ ጋብቻ በሰማንያ እንጂ በቁርባን አይደለምና በቤተ ክርስቲያን በኩል ያለው ጥያቄም እንደ ቁርባኑ አይከብድም። በቁርባን ለተጋቡ እህቶች ግን ልንገር፦ የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ከአባቶች ጋር በራሱ መንገድ የሚታይ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን በቁርባን የተፈጸመውንም ጋብቻ በአንድ ወገን ጥያቄ ያፋታል።

ለሽማግሌዎቹ እሑድ የምትመልሺው አጭር ይሁን። አባቶቼ፣ ደክማችሁልኛልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ፍቺውን በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ፤ ንብረቱ እንደ ሕጉ እኩል ይከፈል፤ እሱ በዚህ ከተስማማ ሳንካሰስ በስምምነት እንጨርሳለን በያቸው። ከዚህ በላይ አትጨቃጨቂ። የእነሱ ሽምግልና ለእውነተኛ ስምምነት ከሆነ በሩ ክፍት ነው፤ ቤት አስለቅቆ ፊርማ ለማስገኘት ከሆነ ግን ምንም አይጠቅምሽም።

ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ ጠይቂ። የከተማው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይመራሻል። የንብረቱ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ቢከብድሽ፣ በድህነት ሳልከፍል ልክሰስ ብለሽ በቃለ መሐላ ማመልከት ትችያለሽ።

ፍቺው ከተወሰነ በኋላ የውሳኔውን ግልባጭ ወስደሽ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት አስመዝግቢና የፍቺ የምስክር ወረቀት ያዢ። ሌላ ትዳር ካሰብሽም ሕጉ ለሴት 180 ቀን እንዲቆይ ይላል፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን ከዚያ በፊትም ይፈቀዳል።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። ቤቱ ሲሠራ ወይም ባጃጁ ሲገዛ ለባልሽ ውክልና ሰጥተሽው ታውቂያለሽ? የሹፌር ሚስቶች «እሱ መንገድ ላይ ነው፣ ጉዳዩን ይጨርስልኝ» እያሉ ጠቅላላ ውክልና ይሰጣሉ፤ በኋላ ይረሱታል። ሰጥተሽ ከሆነ የአንቺ ፈቃድ በኪሱ ነው ማለት ነው፤ ሽማግሌ ሳትጠብቂ፣ እሑድን ሳትጠብቂ፣ ውክልናው ወደተሰጠበት ጽሕፈት ቤት ሂጂና ሻሪው፤ የተሻረበትንም ወረቀት ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ አስገቢ። ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።